«ባዶ እጄን እናቴ ፊት እንዴት ልቁም?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ዐረብ አገር ሰው ቤት መሥራት ከጀመርሁ 6 ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ ከታኅሣሥ 6 እስከ 30 ፈቃድ አግኝቻለሁ። አባቴ ያረፈው እኔ እዚህ እያለሁ ነው፤ ፍትሐቱንም ተዝካሩንም ዘመድ ነው ያወጣው። ለቁልቢ ገብርኤል 10 ግራም የወርቅ ሐብል ተስዬአለሁ። ሐብሉን ከገዛሁ ለእናቴ፣ ሐረር ላለችው አክስቴ፣ ለጎረቤትና ለጓደኞቼ የምይዘው አይኖርም። ለቤት መሥሪያ ብዬ ለወንድሜ የላክሁትን ገንዘብ ደግሞ እሱ በልቶታል፤ ዓይኑን ማየት አልፈልግም። አብራኝ የምትሠራ እኅት «ለማንም ሳትነግሪ ከአዲስ አበባ ቀጥታ ቁልቢ ሂጂና ስእለትሽን አግብተሽ ተመለሽ፤ ቤተሰቦችሽን እጅሽ ሲሞላ ታዪያቸዋለሽ» አለችኝ። መጽሐፍም «በእግዚአብሔር ፊት ባዶ እጅህን አትታይ» ስለሚል እኔም ወደዚያው አደላሁ። ምን ይመክሩኛል?
ወለተ ማርያም

መልስ፦ ልጄ ወለተ ማርያም፣ ይህን ምክር አትቀበዪ። በመኪና ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ቁልቢ ከድሬዳዋ በፊት ነው። ከዚያ ደንገጎ ደርሰሽ ቁልቁል ብትወርጂ እናትሽ ደጅ ለመድረስ ሁለት ሰዓት አይሞላም። እዚያ ድረስ መጥተሽ ፊትሽን ወደ አዲስ አበባ ብታዞሪ ከእናትሽ ሸሸሁ በዪ እንጂ ስእለቴን አደረስሁ ብለሽ ልብሽን አታሳርፊ። እሷም ወሬውን ሳትሰማ አትቀርም፤ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ላይ ስንቱ የድሬ ሰው እንደሚገኝ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ቃሌ ከከበደሽ ይቅርታሽ አይለየኝ። የማከርረው ይህን አሳብ ከአንቺ ብቻ ስላልሰማሁት ነው። በስደት የሚሠሩ ልጆቻችን ብዙዎቹ አገር ቤት መግባትን ዋጋ የሚከፈልበት በር አድርገውታል። ሻንጣው ካልሞላ፣ ለእያንዳንዱ ዘመድ ስምና ልክ ያለው ዕቃ ካልተያዘ አይገባም። «ዘንድሮ አልሞላልኝም፣ ለከርሞ» እየተባለ ኮንትራት በኮንትራት ላይ ይታደሳል። በመካከሉ አባት ይሞታል። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ልጆች ቢሆኑ አይገርምም ነበር፤ የሚያደርጉት ግን ቤተሰባቸውን አብዝተው የሚወዱት ናቸው። ይባስ ብሎ ይሉኝታውን በመጽሐፍ ቃል ያለብሱታል፤ አንቺም የጠቀስሽው ያንኑ ቃል ነው።

ቃሉ ያለው ዘዳግም 16 ቁጥር 16 ላይ ነው። እባክሽ ቁጥር 17ን ጨምረሽ አንብቢው። እያንዳንዱ ሰው እግዚአብሔር እንደ ሰጠው በረከት መጠን፣ እንደ ችሎታው ይስጥ ይላል። ስለዚህ ትእዛዙ ካለው ላይ ምንም ሳይሰጥ የሚቀረውን ይመለከታል እንጂ የሌለውን ሰው አያባርርም። ደግሞም የተነገረው በእግዚአብሔር ፊት ስለ መቆም ነው። እናትሽ ቤት ለመግባት መባ እንደሚያስፈልግ የሚናገር ምዕራፍ አላገኘሁም።

ስለ እናት ልብ ማወቅ ከፈለግሽ ግን መጽሐፈ ጦቢትን አንብቢ። ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ ሆኖ ሳለ ጥቂት ሰው ነው የሚከፍተው፤ ለስደተኛ ቤተሰብ ግን ከእሱ የሚቀርብ ታሪክ የለም። ጦቢት ዓይኑ ታውሮ ቤቱ ደኸየ። ያን ጊዜ በሜዶን አገር ሰው ዘንድ ያስቀመጠውን 10 መክሊት ብር እንዲያመጣለት ልጁን ጦብያን ላከው። ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ሲወጡ እናቱ ሐና አለቀሰች፤ ብሩ ይቅርብን፣ የልጃችን ምትክ ይሁን አለች። ምዕራፍ 5 መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ። ልጇ በቀጠሮው ሳይመለስ ሲቀር ምዕራፍ 10 እንደሚነግረን በየቀኑ ወደ ሄደበት መንገድ እየወጣች ትጠብቅ ነበር፤ ቀን እህል አትቀምስም፣ ሌሊት ታለቅሳለች። ሲመጣም ሮጣ በአንገቱ ላይ ወደቀች፤ ካየሁህ እንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝ አለች። ልብ በዪ፣ ቤቱ የተቸገረ ቤት ነበር፤ ብሩ ያስፈልጋቸዋል። እናትየዋ ግን ስለ ብሩ አንድ ቃል አልጠየቀችም። የእኛስ አባቶች «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ይህንኑ አይደል?

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከመነሣትሽ በፊት ያለሽን በአራት ፖስታ ለይው፤ የመመለሻ ጉዞሽና የመጀመሪያው ወር ወጪሽ፣ የእናትሽ፣ የስእለቱ፣ የእጅ። የመጀመሪያው ፖስታ በማንም ልመና አይከፈት። ብዙዎች በሦስተኛው ሳምንት ተበድረው የሚመለሱት ይህን ስለሚነኩ ነው። ለስጦታ ብለሽ ከጓደኞችሽ አትበደሪ፤ «ለማንም ዕዳ አይኑርባችሁ» ይላል ሮሜ 13 ቁጥር 8። ለእናትሽ የምታውቂውን ሳይሆን የሚያስፈልጋትን ያዢ። በዓይኗ፣ በጥርሷ፣ በደም ግፊቷ ምን እንደጎደላት የምትቀርባትን ጎረቤት በስልክ ጠይቂ፤ እሷን ብትጠይቂያት «ምንም አልፈልግም፣ አንቺ ብቻ ነይ» ነው የምትልሽ። ለሌላው ቤት ግማሽ ኪሎ ቡናና አንድ ኪሎ ስኳር ክብር ነው፤ እዚያው ድሬ ይገዛል፣ በካርጎ ኪሎ አያስከፍልሽም።

ስእለቱን በተመለከተ ስእለት ስእለት ነው። መክብብ 5 ተስሎ ከማይፈጽም አለመሳል እንደሚሻል ይናገራል፤ አቃልለሽ እንድታዪው አልፈልግም። ነገር ግን ያው እግዚአብሔር በዘሌዋውያን 27 ቁጥር 8 ለድኻው መንገድ አብጅቷል። የተሳለው ሰው ግምቱን መክፈል ካቃተው በካህኑ ፊት ይቆማል፤ ካህኑም እንደ ተሳለው ሰው አቅም ይገምትለታል። ያንቺ ካህን የንስሓ አባትሽ ናቸው። 10 ግራም ወርቅ ዛሬ ያለ እናትሽ መድኃኒት የማይገዛ ከሆነ ነገሩን ንገሪያቸው። ጊዜውን ሊያራዝሙልሽ፣ በከፊል እንድታገቢ ሊፈቅዱልሽ ይችላሉ። ራስሽ ግን አትቀንሺው። ቁልቢ ሐምሌ 19ም አለ፤ ደብሩም ዓመቱን ሙሉ በቦታው ነው፤ በታመነ ሰው እጅ መላክም ይቻላል። ጌታ በማርቆስ 7 የገሠጻቸው ሰዎች ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቍርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ እያሉ ያስቀሩትን ነው፤ መልአኩ ከእናትሽ አፍ ተነጥቆ በሚመጣ ሐብል ይደሰታል ብለሽ አታስቢ።

ስትሄጂም መንገድ ዳር ጥላ ዘርግቶ ሥዕል ይዞ ለሚለምን ሁሉ ስእለትሽን አትስጪ። ደብሩ ውስጥ ለተቀባዮቹ አስረክበሽ ደረሰኝ ያዢ፤ ወርቅ ከሆነ ግራሙ ደረሰኙ ላይ ይጻፍልሽ። ሐብሉን በአንገትሽ አድርገሽ ሕዝብ መካከል አትግቢ። ከድሬ ሙቀት ወጥተሽ ቁልቢ ስታድሪ ብርዱ ይጠብቅሻል፤ ጋቢ አትርሺ።

የወንድምሽን ጉዳይ በአጭሩ የጻፍሽው ትንሽ ስለሆነ አይመስለኝም። ማቴዎስ 5 ቁጥር 23 እና 24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። «የበደለው እሱ ነው» ትዪኛለሽ። እውነት ነው፤ ሆኖም ቃሉ «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» ነው የሚለው፤ ዓይኑን ማየት አለመፈለግሽ ለእሱም ቁስል ሳይሆንበት አይቀርም። ይቅርታና ሒሳብ ግን ይለያያሉ። ይቅር ማለት ያለብሽ ዛሬውኑ ነው፤ ሒሳቡ ቀን ይቆረጥለታል። በገባሽበት ምሽት፣ እናትሽ ፊት፣ ሰው በተሰበሰበበት አታንሺው። እዚያ የተነሣ የገንዘብ ነገር ጠብ ሆኖ ይቀራል፤ እናትም በሁለት ልጆቿ መካከል ትቆማለች። በሁለተኛው ሳምንት የንስሓ አባትሽንና ሁለት የሰፈር ሽማግሌ ይዘሽ ተቀመጡ። የላክሽበትን ደረሰኝ በቀን ቅደም ተከተል አዘጋጅተሽ ሂጂ። ለሕመም፣ ለአባትሽ ቀብር፣ ለተዝካር የወጣውን ይናገር፤ ይቀነስለት። አንዳንዴ «በላው» የተባለው ገንዘብ ግማሹ አንቺን ላለማስጨነቅ ለቤቱ ችግር የዋለ ሆኖ ይገኛል። ቀሪውን የሚመልስበት ቀን በወረቀት ይጻፍ፣ ሽማግሌዎቹም ይፈርሙበት። መመለስ የማይችል ሆኖ ከተገኘ ግን «ተውሁልህ» ብለሽ ዝጊው፤ ሌላ ገንዘብ ግን በእጁ አትላኪ። ይህ ቂም አይደለም፣ እሱንም ከፈተና መጠበቅ ነው።

አሁን ስለ ቀኖቹ። በገባሽበት ቀን ሻንጣ አትክፈቺ። ቤቱ አባትሽን አዲስ ሆኖ ያለቅሳል፤ አልቅሺ፣ ጎረቤትም ይድረስ። ማታ ከእናትሽ ጋር ተቀምጠሽ በ6 ዓመት ውስጥ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ በወረቀት ጻፊ። መጀመሪያ ሐዘን ቤቶችን ድረሺ፣ ቀጥሎ የታመሙትን፣ ደስታ ቤት የመጨረሻው ይሁን። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ሠርግ ቤት ሲጨፍር ይከርምና ልጅ የቀበረችውን ጎረቤት በመመለሻው ዋዜማ ደጅ ላይ ቆሞ «እግዜር ያጥናሽ» ብሏት ይሄዳል። አባትሽን የቀበረውን እድር አትርሺ፤ ዳኛውን ቤቱ ሄደሽ አመስግኚ።

ተዝካሩ ወጥቶለታል፤ «እኔ አልነበርሁምና ልድገመው» ብለሽ ድንኳን አትጣይ። የአባትሽን የክርስትና ስም ይዘሽ፣ ዕጣን፣ ጧፍና ለመሥዋዕቱ የሚሆን ዘቢብ ለአጥቢያው አስገቢ፤ በጸሎት ይታሰብ። ከዚያ ደጁ ላይ ላሉ ነዳያን እንጀራ በሽሮ ብታበዪ የነቢያትን ጾምም ሳትነኪ ተፈጸመ ማለት ነው።

ንስሓ አባትሽን እስከ ታኅሣሥ 8 ድረስ አግኚ። ለምን ቶሎ ካልሽኝ፣ ቀኖና ቢሰጡሽ የምትፈጽሚበት ቀን እንዲኖርሽ ነው። ሁሉም «ቁልቢ ደርሼ ልምጣና» እያለ ቀኑ ያልቅበታል። በሰው አገር፣ በሰው ማጀት ስለ በላሽውና ስላልጾምሽው ሁሉንም ንገሪያቸው፤ ከአንቺ በፊት ብዙ ሰምተዋል። እሳቸው ከፈቀዱልሽ የገና ሌሊት፣ ታኅሣሥ 29፣ በአጥቢያሽ ከእናትሽ ጎን ቆመሽ ትቆርቢያለሽ። በ30 ትሄጃለሽና ከዚህ የተሻለ ስንቅ አላውቅልሽም።

ሐረር ለአክስትሽ አንድ ሌሊት ስጫት። ሄዶ ለምሳ ተቀምጦ መመለስ ለታላቅ ሰው አይበቃም፤ ማታ ነው ወሬው የሚወጣው። ያሳደገችሽ ሙስሊም ጎረቤት ካለችም ከዘመድ እኩል ቁጠሪያት፤ ሄደሽ ጉልበቷን ሳሚ። ጾማችንን ድሬም ሐረርም ሁሉም ያውቃል። ሆጃ የሚባለው የቡና መጠጥ ከቀረበ ወተት ስላለበት «ጾም ላይ ነኝ እትዬ» ማለት ይበቃል፣ ሻይና ተምር ይመጣልሻል።

ጓደኞችሽን ከጠዋቱ ጠይቂያቸው። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ የሚሄድ ሰው በርጫ፣ የጫት መቃሚያው ሰዓት ላይ ነው የሚደርሰው፤ «ስድስት ዓመት ተለይተሽን ዛሬ አንድ ቀን እንኳ» ሲባል እምቢ ማለት ከባድ ነው። ሰዓቱን በመምረጥ ብቻ ግማሹን ፈተና ታልፊዋለሽ።

እነሱ ዘንድ ከስጦታ ይልቅ የምፈራልሽ አንድ ነገር አለ። «ቪዛ ላኪልኝ» የምትልሽ አትጠፋም። የጓደኛ ፊት እንዳይከፋ ብለሽ «እሺ፣ እልክልሻለሁ» አትበዪ፤ ጌታችን ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን ብሏል። ያቺ ልጅ በአንቺ «እሺ» ሥራዋን ትታ፣ ወርቋን ሸጣ ለደላላ ልትሰጥ ትችላለች። ፎቶው ላይ የማይታየውን ንገሪያት፤ ስንት ሰዓት እንደምትተኚ፣ ፓስፖርትሽ ማን ዘንድ እንዳለ፣ ስልክ የምትይዢው በየትኛው ቀን እንደሆነ። ደመወዝሽን ከጠየቀችሽም ቁጥሩን እንዳለ ተናገሪ፣ ከዚያም በየወሩ ለቤት የምትልኪውን ቀንሰሽ የሚተርፈውን አሳያት።