ለፍሬምና ለቁምሳጥን በር የትኛውን የራውተር ቢት ልግዛ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። 1/4 ኢንች ኮሌት (ቢቱን የሚነክሰው አፍ) ያላት ትንሽ ራውተር፣ ማለትም ቢት የሚባለውን ስለት እያሽከረከረች እንጨት የምትቀርጽ ማሽን፣ አለችህ። ቤትህ ውስጥ መጀመሪያ የፎቶ ፍሬም፣ ቀጥሎ የቁምሳጥን በር፣ እጅህ ሲፈታ ደግሞ የክፍል በር መሥራት ትፈልጋለህ። በሳጥን የሚሸጠውን ባለብዙ ፍሬ ስብስብ ልግዛ ወይስ ነጠላ ነጠላ ብለሃል።

ነጠላ ግዛ። ሳጥኑ ሲያዩት ያጓጓል፣ ግን ላንተ ሥራ ከውስጡ የሚጠቅምህ ጥቂቱ ነው፣ እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ስሉ ቶሎ የሚሄድ ነው። ያንን ገንዘብ አራት ጥሩ ቢት ላይ አውለው።

ከቅርጹ በፊት ግን ዘንጉን እይ። ኮሌት ውስጥ የሚገባውን ማለቴ ነው። 1/4 ኢንች ማለት 6.35 ሚ.ሜ ነው፣ ገበያ ላይ ደግሞ ባለ 6 ሚ.ሜ ዘንግም አለ። በዓይን አይለዩም። 6ቱን 6.35 ኮሌት ውስጥ ከተህ የፈለግከውን ያህል ብታጠብቀው በደንብ አይነክሰውም፣ እየሠራህ ቀስ እያለ ይወርዳል ወይም ይበርራል። በ12 ሚ.ሜ እና በ1/2 ኢንች (12.7) መካከልም ያው ነው፣ በተለይ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ቢት ከሆነ ዘንጉ በኢንች ስለሚሆን በካሊፐር ሳትለካ እንዳትሞክረው። ስታስገባው እስከ መጨረሻው ግፋውና 2 ወይም 3 ሚ.ሜ መልሰህ ሳበው፣ ከዚያ አጥብቅ።

ሁለተኛው ነገር ስሉ ነው። ካርባይድ (ከተራ ብረት በጣም የሚጠነክር ቁስ) ጥርስ የተበየደበትን ግዛ። ተራው ብረት ለስላሳ እንጨት ላይ ጥሩ ይቆርጣል፣ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ጭረት ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ወይም ደረቅ ባሕር ዛፍ ሲነካ ግን ወዲያው ይዶለዱማል። ሱቅ ውስጥ ቢቱን ብርሃን ላይ አዙረህ ብየዳውን ተመልከት፣ ካርባይዱና ብረቱ መሀል ክፍተት ካለ ተወው። ካርባይዱ ወፈር ያለ ይሁን፣ ቀጭን ከሆነ አንዴ ተስሎ ያልቃል። ኩሽኔታ (በእንጨቱ ጠርዝ ላይ እየተደገፈ ቢቱን የሚመራ ተሽከርካሪ ቀለበት) ካለው በጣትህ አሽከርክረው፣ የሚንገጫገጭ ወይም የሚወላገድ ከሆነ የእንጨትህ ጠርዝም እንደዚያው ይወጣል።

አሁን አራቱ። 5 ሚ.ሜ ቀጥ ያለ ቢት፣ 12 ሚ.ሜ ቀጥ ያለ ቢት፣ ጠርዝ ላይ ደረጃ የሚያወጣ ባለ ኩሽኔታ ቢት፣ እና ጠርዝ የሚያከብ ባለ ኩሽኔታ ቢት። ባለ ደረጃው 1/4 ዘንግ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 32 ሚ.ሜ ገደማ ስፋት አለውና ከመግዛትህ በፊት የራውተርህን የታች ቀዳዳ ለካ። አንዳንድ ትንንሽ ራውተር ላይ አያልፍም።

ለፎቶ ፍሬም የሚያስፈልግህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ከኋላ መስታወቱ የሚቀመጥበትን ደረጃ ታወጣለህ፣ ከፊት ታከብበዋለህ። ልኩን ግን ቀድመህ አስላ፣ ኩሽኔታው የሚደገፍበት ጠፍጣፋ ቦታ መቅረት አለበት። 20 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው እንጨት ላይ ደረጃው 8፣ ማክበቢያው 6 ቢወስድ መሀል ላይ 6 ይቀርልሃል፣ ይበቃል። እና ቀጭን እንጨት ላይ አትሥራ! ሰፊ ጣውላ ጠርዝ ላይ ቅርጹን አውጣና ከዚያ በኋላ በመጋዝ ሰንጥቀህ አውጣው። በ45 ዲግሪ የምትቆርጠውም መጨረሻ ላይ ነው።

የቁምሳጥን በር ላይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ወንድና ሴት ሆኖ የሚገጥመውን ጥንድ ቢት ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ጠረጴዛ ላይ ለተገጠመ ራውተር የተሠራ ነው። ጠረጴዛ እስክትሠራ አትግዛው። እስከዚያ ፓኔሉ (የመሀሉ ሰሌዳ) ሜዳ የሆነውን፣ ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለውን በር በሁለቱ ቀጥ ያሉ ቢቶች ትሠራዋለህ፣ እኔ በበኩሌ ቅርጻ ቅርጽ ከበዛበት ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

የበሩ ዙሪያ ሁለት ቋሚና ሁለት አግዳሚ እንጨት ነው። ፓኔሉና የአግዳሚዎቹ ምላስ (የሳሳው ጫፋቸው) የሚገቡበትን ቦይ በ5 ሚ.ሜ ቢትና በጠርዝ መምሪያ ትቆፍራለህ። አንዴ መምሪያውን በእንጨቱ ፊት በኩል አስደግፈህ ትሄዳለህ፣ ከዚያ በጀርባው በኩል አስደግፈህ ትደግመዋለህ። ቢቱ ከመሀል ግማሽ ሚ.ሜ ብቻ ዘወር ያለ ከሆነ ቦዩ 6 ሚ.ሜ ሆኖ ልክ መሀል ላይ ይቀመጣል፣ ምንም ምልክት ማድረግ አያስፈልግም። ባለ 6 ቢት ያላልኩህ ለዚህ ነው። 6 ተብሎ የሚሸጥ ኮምፔንሳቶ ብዙ ጊዜ ከ6 ያነሰ ነው፣ በ5ቱ ቢት ግን ቦዩን ለያዝከው ኮምፔንሳቶ ልክ ታደርገዋለህ። ጥልቀቱ 10 ሚ.ሜ ይሁን፣ በሦስት ዙር። የ20 ሚ.ሜ ጠርዝ ላይ ራውተሩ ስለሚወዛወዝ ግራና ቀኝ ሌላ ጣውላ በሞርሳ እሰርለት፣ ቁመታቸው እኩል ይሁን።

የአግዳሚዎቹን ምላስ በ12ቱ አውጣው። ከየፊቱ 7 ሚ.ሜ ስታነሳ 6 ሚ.ሜ ምላስ ይቀራል። አግዳሚዎቹን ሁሉ ጎን ለጎን አስረህ፣ ቢቱ በሚወጣበት በኩል አንድ የማትፈልገው እንጨት ጨምርበት፣ አለዚያ የመጨረሻው ጠርዝ ይፈነጠራል። ጽድ ላይ ይሄ የግድ ነው፣ ሽታው ደስ ይላል እንጂ ጠርዙ ተሰንጣቂ ነው። ዋንዛ ግን እንደ ቅቤ ይታዘዛል።

ልኩ እንዲህ ነው። በሩ 400 ሚ.ሜ ስፋት፣ ቋሚዎቹ 60፣ 60 ቢሆኑ መሀሉ 280 ነው፣ ሁለት ምላስ 10፣ 10 ስትጨምርበት አግዳሚው 300 ይሆናል። ፓኔሉን ከድፍን እንጨት የምትሠራ ከሆነ 300 አድርገህ አትቁረጠው፣ 295 አድርገው፣ ኮላም አትቀባው። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ ቦታ ካጣ በሩን ይፈነቅለዋል። ኮምፔንሳቶ ከሆነ ይሄ አያሳስብህም።

የክፍል በር ሌላ ነገር ነው። 40 ሚ.ሜ ውፍረት ያለውን ከባድ በር 10 ሚ.ሜ ምላስ አይሸከመውም፣ ጥንድ ቢቱም ቢሆን የቁምሳጥኑ ዓይነት ለዚህ አይሆንም። ምላሱ 13 ሚ.ሜ ገደማ ውፍረትና ቢያንስ 50 ርዝመት ይኑረው፣ ምላሱ የሚገባበትን ቀዳዳ በድሪል ጀምረህ በመሮ ጨርሰው። ራውተርህ የፓኔሉን ቦይና ጠርዙን ብቻ ይሥራ።

የፓኔል ዙሪያ የሚያዘቀዝቀውን ትልቁን ቢት ደግሞ በእጅ ይዞ መሥራት በፍጹም አይሞከርም። 80 ሚ.ሜና ከዚያ በላይ ስፋት አለው፣ 1/2 ኢንች ዘንግ፣ ጉልበተኛ ሞተርና ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ10,000 እስከ 12,000 ዙር ዝቅ ማለት አለበት። የትንንሾቹ ቢቶች 22,000 ወይም 24,000 ቢሆን ችግር የለውም፣ ባለ 32ቱን ወደ 18,000 አውርደው። ፍጥነት መቀየሪያ የሌለው ራውተር ከሆነ ትልቅ ቢት አታስብ።

ሰጋቱራውን እያየህ ሥራ። የተሳለ ቢት ፍቅፋቂ ይጥላል። ዱቄት መጣል ከጀመረና ዋንዛው ላይ ቡናማ የቃጠሎ መስመር ካየህ ወይ በጣም ቀስ እያልክ ነው ወይ ቢቱ ሙጫ ይዟል። ኩሽኔታውን ፈትተህ ቢቱን በላምባ እጠበው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሙጫው ነው። መሳል ካስፈለገም ጠፍጣፋውን የካርባይድ ፊት ብቻ በአልማዝ ድንጋይ አሸው፣ የውጩን ጠርዝ ከነካኸው ከኩሽኔታው ጋር ያለው ልክ ይበላሻል።

በእጅ ስትሠራ በውጭ ጠርዝ ላይ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሂድ፣ በፍሬም ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ በሰዓት አቅጣጫ። ከገለበጥከው ማሽኑ ራሱ ይጎትትሃል። መነጽር አድርግ፣ ቢት ስትቀይር ሶኬቱን ንቀል። እየሠራህ መብራት ከጠፋም መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፋ፣ ምክንያቱም ሲመለስ ራውተሩ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ይነሳል፣ እጅህም አጠገቡ ሊሆን ይችላል።

የራውተርህን የታች ቀዳዳ ስፋትና የያዝከውን እንጨት ዓይነትና ውፍረት እዚሁ ጻፍልኝ፣ ባለ ደረጃው ቢት ያልፍ እንደሆነና ልኩን እንዴት እንደምትከፋፍለው እነግርሃለሁ።