ትምህርት ቤቱ ያስገደደውን እኛ ለምን በፈቃዳችን ተውነው?

ቨርጂኒያ ውስጥ 22 ዓመት ኖሬያለሁ፤ አዲስ የሚመጣው ሁሉ ያንኑ ስሕተት ሲደግም ማየት ስለሰለቸኝ፣ ንግግሬ ቢጎረብጣችሁ አትቀየሙኝ። በቅርቡ ሴት ልጁን ሃይስኩል ያስገባ አንድ ወንድማችን «የውጭ ቋንቋ ግዴታ ነው አሉኝ፤ ያንን ጊዜ ለሒሳብ ብታውለው አይሻልም?» ብሎ ሲያማርር ሰምቼ ነው ይህን መጻፌ።

1. ለምዝገባ የሚጠየቅ ወረቀት። የልደት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ የቤት ኪራይ ውል፤ የቀረውን ጎረቤት ይነግራችኋል።

2. ግዴታው ትክክል ነው። በቨርጂኒያ ከፍ ያለውን የሃይስኩል ዲፕሎማ የሚፈልግ ተማሪ አንድ ቋንቋ 3 ዓመት፣ ወይም ሁለት ቋንቋዎች ሁለት ሁለት ዓመት መማር አለበት፤ ዋሽንግተን ዲሲም ያለ 2 የቋንቋ ክሬዲት (የሁለት ዓመት ትምህርት ማለት ነው) አያስመርቅም። የ14 ዓመት ልጅ ከባዱን ነገር ወዶ አይመርጥም። እኛስ ብንሆን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ እንድንማር ባንገደድ ኖሮ እዚህ መጥተን በየትኛው አፋችን ሥራ እንጠይቅ ነበር?

3. ብዙዎቻችሁ የማታውቁት። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ በፌርፋክስ ካውንቲ ቋንቋን ከቤቱ ይዞ የመጣ ተማሪ ተፈትኖ ክሬዲት የሚያገኝበት መንገድ አለ፤ አማርኛም ከሚፈተኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ነገር ግን ልጁ መጻፍ ይጠበቅበታል፤ የእኛ ልጆች ደግሞ «ና ብላ» ሲባሉ ሰምተው በእንግሊዝኛ የሚመልሱ ናቸው፤ እኛም መስማታቸውን እንደ ትልቅ ነገር ቆጥረን እናልፋለን። ሃይስኩል የደረሰ ልጅ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው በአንድ ክረምት ሊለይ ይችል ይሆናል፤ አንቀጽ ለመጻፍ ግን ዓመታት ያስፈልጉታል። ስለዚህ በስድስትና በሰባት ዓመቱ አስጀምሩት፤ ቅዳሜ አንድ ሰዓት፣ ስልካችሁን አጥፍታችሁ፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁ። ለእግር ኳስ ልምምድ 40 ደቂቃ የምትነዱ ሰዎች ለፊደል ጊዜ የለንም ስትሉ አትፈሩም? ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ያስተምርልኛል ማለትም ስንፍና ነው፤ ስድስቱን ቀን በእንግሊዝኛ የሚውል ልጅ በሰባተኛው ቀን ምን ይይዛል?

4. ቤት። ይህን የምናገረው ተሳክቶልኝ አይደለም። ልጄን ስመዘግብ ቅጹ «በቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እንግሊዝኛ ለማይችሉት ክፍል እንዳይመድቡብኝ ፈርቼ «እንግሊዝኛ» ብዬ ጻፍኩ። የዚያን ቀን ውሸት ነበር፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ግን በገዛ እጄ እውነት አደረግሁት። ልጄ አድጋ ስፓኒሽ ተማረች፤ ጎበዝም ወጣች። እናቴ ከደሴ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ፣ ልጄ ከኤልሳልቫዶር ከመጡት ጎረቤታችን ጋር በአጥሩ ላይ እየሳቀች ስታወራ በመስኮት አየቻት። «በምን ቋንቋ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ «ያንን ከቻለች የእኔ እንዴት አቃታት?» አለች። ስድስት ወር ሙሉ በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ ሆኜ ከረምኩ፤ እኔ ሥራ ስሄድ ደግሞ ሁለቱም ዝም ብለው ይውሉ ነበር።

በቁጥር 1 በአንድ መስመር ካለፍኩት ወረቀት መካከል ያ ጥያቄ ይመጣባችኋል። አማርኛ ከሆነ አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ከሆነም እሱኑ ጻፉ። ልጁን በእንግሊዝኛ ይፈትኑታል፤ ከቻለ ከእኩዮቹ ጋር ይመድቡታል፤ እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነበር።