መዝገቡ ሲዘጋባችሁ

ጠበቃ ለሆናችሁም፣ ለመሆን ለምትማሩም፣ በማንኛውም ሥራ ላይ ሆናችሁ «አለቀለት» ማለት ለምትቸኩሉም፦

ስለ አፓርታይድ ሲነሳ ማንዴላን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ1962 አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸውንም ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ደግ ነው። ኢትዮጵያ ግን በዚያው ሰሞን ሌላ ሙግት ላይ ነበረች። ጥይት የማይተኮስበት፣ ለፎቶ የማይመች ሙግት። ይህን የሚያነሳ ወጣት ብዙም ስለማይገጥመኝ እኔው ላንሳው። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የዛሬዋ ናሚቢያ ያኔ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ትባል ነበር። መጀመሪያ ጀርመን ገዛቻት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታቱ ማኅበር ለደቡብ አፍሪካ በሞግዚትነት ሰጣት። ደቡብ አፍሪካ የሕዝቡን ደኅንነት ልትጠብቅ ቃል ገብታ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኗን በጨው አጥባ አገሪቱን እንደ ራሷ ክፍለ ሀገር ትገዛት ጀመር። ማኅበሩ ሲፈርስ ደግሞ እሱ ስለሞተ ተጠሪነቴም አብሮ ሞቷል የሚል ክርክር ያዘች። የዘር መለያየት ሕጎቿንም ይዛ ገባች።

ሕጎቹ መሬት ላይ ምን ይመስሉ ነበር? ከሰሜን የሚመጣውን የኮንትራት ሠራተኛ ተመልከቱ። ቅጥር ጣቢያ ላይ ሐኪም ሰውነቱን ያየዋል። እንደ ጉልበቱ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ይባላል። የሚላክበት ቦታ የተጻፈበት ምልክት ይታሰርለታል። ወደ ማዕድን ወይም ወደ ነጭ እርሻ ይጫናል። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ መሄድ አይፈቀድለትም። ሥራው መሮት ጥሎ ቢወጣ ወንጀለኛ ነው።

ይህን ለዓለም ለማሰማት የተደረገውን ልፋት ሳስብ ዛሬም እደነቃለሁ። የሄሬሮ ሕዝብ አለቃ ሆሴያ ኩታኮ ለተባበሩት መንግሥታት አቤቱታ ሲያቀርቡ ራሳቸው ኒውዮርክ እንዲሄዱ አልተፈቀደላቸውም። ማይክል ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ቃላቸውን ይዞላቸው ሄደ። በ1958 ደግሞ ኬፕታውን ይሠራ የነበረው አንዲምባ ቶይቮ ያ ቶይቮ አቤቱታውን በቴፕ ቀረጸ። መጽሐፍ ውስጡን ቦረቦረና ቴፑን እዚያ ደብቆ ወደ ኒውዮርክ በፖስታ ላከው። በዚህ ምክንያት ከኬፕታውን ተባረረ። ማስረጃ ማሰባሰብ አስቸገረን የምትሉ ጀማሪዎች ይህችን መጽሐፍ አስቧት።

ወደ ክሱ ልምጣ። በ1960 ሰኔ ላይ ነጻ የአፍሪካ አገሮች አዲስ አበባ ተሰብስበው ጉዳዩ ዘ ሄግ ላለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ወሰኑ። ኅዳር 4 ቀን ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ክስ መሠረቱ። ለምን እነሱ? የቀድሞው ማኅበር አባላት ስለነበሩ ነው። ኢትዮጵያን በ1936 ለሙሶሊኒ ጥሏት የሄደው ያው ማኅበር ነው። ለእኛ ሳይበጀን የቀረው አባልነት ለናሚቢያ የችሎት በር ከፈተ።

በ1962 ፍርድ ቤቱ የደቡብ አፍሪካን የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ 8 ለ7 ውድቅ አደረገና ጉዳዩን ማየት እችላለሁ አለ። ክርክሩ ቀጠለ። ሐምሌ 18 ቀን 1966 ፍርዱ ተነበበ። ዳኞቹ 7 ለ7 እኩል ተከፈሉ። አውስትራሊያዊው ፕሬዝዳንት ሰር ፐርሲ ስፔንደር ወሳኙን ድምፅ ሰጡ። ውጤቱ፦ ከሳሾች ክሱን ለማቅረብ የሚያበቃ መብት ወይም ጥቅም የላቸውም! ከአራት ዓመት በፊት ታልፏል የተባለው ጥያቄ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ። የግብፁ ዳኛ በመሐል ሞተዋል። የፔሩው ታመዋል። ፓኪስታናዊው ዛፍሩላህ ካን እንዳይሰየሙ ተደርጓል። አፓርታይድ ሕገወጥ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ፍሬ ነገር ሳይነካ መዝገቡ ተዘጋ።

እንዲህ ዓይነት ውሳኔ የደረሰበት ወጣት ጠበቃ ምን እንደሚያደርግ ቢሮዬ ውስጥ ስንቴ አይቻለሁ። ፋይሉን ሼልፍ ላይ ይወረውርና ዳኞቹን እየረገመ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል። መራገሙ ይሁን፣ ሰው ነው። ፋይሉን መወርወሩን ነው የማልወደው።

የአፍሪካ አገሮች አልወረወሩትም። ለስድስት ዓመት የተጠራቀመውን ክርክር ይዘው ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሄዱ። ጥቅምት 27 ቀን 1966 ጉባኤው የደቡብ አፍሪካ ሞግዚትነት አብቅቷል ብሎ 114 ለ2 ወሰነ። የተቃወሙት ራሷ ደቡብ አፍሪካና ፖርቱጋል ብቻ ነበሩ። በ1970 ያው ፍርድ ቤት እንደገና ተጠየቀ። በ1971 ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ውስጥ መቆየቷ ሕገወጥ ነው ሲል 13 ለ2 አስተያየት ሰጠ። ያኔ የፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ማን ነበሩ? እነዚያው ዛፍሩላህ ካን።

ወረቀት ብቻውን ወራሪ ያስወጣል እያልኩ አይደለም። ስዋፖ የተባለው የናሚቢያ የነጻነት ድርጅት ከ1966ቱ ፍርድ በኋላ ወር ከሳምንት አለፍ ሲል ሰሜን ናሚቢያ ውስጥ ኦሙጉሉግዎምባሼ ላይ ከደቡብ አፍሪካ ፖሊስ ጋር ተታኩሷል። ከ1971ዱ አስተያየት በኋላም ደቡብ አፍሪካ ወደ 19 ዓመት ገደማ ቆይታለች። ግን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ እነዚያ ምልክት የሚታሰርባቸው ሠራተኞች ከ10,000 በላይ ሆነው ሥራ አቆሙ። ማዕድኑ ቆመ። በማግስቱ ዓመት የቀጣሪው ድርጅት ሥርዓት ተሻረ። የዘ ሄግ ዜና ድፍረት እንደጨመረላቸው አልጠራጠርም። የቀረው ረጅም ጦርነት ነው፤ አንጎላ፣ ኩባ፣ የ1988ቱ ስምምነት፣ የ1989ኙ ምርጫ። መጋቢት 21 ቀን 1990 ናሚቢያ ነጻ ወጣች።

አንድ የማይወደድ ነገር ልጨምር። ስዋፖ በ1980ዎቹ ሉባንጎ፣ አንጎላ ውስጥ የራሱን ታጋዮች በስለላ ጠርጥሮ በመቶዎች አስሯል፣ አሠቃይቷል። ከዚያ ያልተመለሱ አሉ። ለነጻነት የታገለ ድርጅት ስለሆነ ይሸፈንለት የሚላችሁን አትስሙ። እስረኛው ፍርድ ቤት የመቅረብ መብቱን የነፈገው ማን ሆነ ማን፣ ጠበቃ የሚቆመው ከእስረኛው ጋር ነው።

አሁን የቤት ሥራ። የ1966ቱ ፍርድ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። አብላጫውን ተዉትና መጀመሪያ የጃፓናዊውን ዳኛ የኮታሮ ታናካን የልዩነት ሐሳብ አንብቡ። ሰውን በዘሩ መለየት የሚለየው ወገን ዓላማ ምንም ይሁን ምን ኢፍትሐዊ ነው ብለው የተከራከሩበት ነው። ተሸናፊው ወገን ውስጥ ሆነው የጻፉት ነው፣ ረጅም ነው፣ እንግሊዝኛውም ይከብዳል። ሁለት ቅዳሜ ስጡት።