ሰኞን ፈልጉ

የፊልም ሂስ ለምትጀምሩ ልጆች፣

ስለ አሜሪካ ህልም (የለፋ ሁሉ ይበለጽጋል ስለሚለው እምነት) ከንቱነት ጻፉ ስትባሉ አብዛኞቻችሁ «ታላቁ ጋትስቢ»ን ትመርጣላችሁ፤ ያውም አሜሪካዊው ደራሲ ፊትዝጀራልድ በ1925 ያሳተመውን ልብ ወለድ ሳይሆን ባዝ ሉርማን በ2013 የሠራውን ፊልም። ርችቱን፣ ሻምፓኙን፣ ሀብታሙን ጋትስቢን የሚጫወተውን የዲካፕሪዮን ፈገግታ ትዘረዝሩና «ገንዘብ ደስታ አይገዛም» ብላችሁ ትዘጋላችሁ። ይህን ለማለት ፖስተሩን ማየት ይበቃል።

መጽሐፉ ዘጠኝ ምዕራፍ ነው፤ አስቀድማችሁ አንብቡት። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ እርሳስ ያዙ። ደራሲው እንግዶቹ ሳይገቡ የጋትስቢን ድግስ ጓዳ ያስቆጥራችኋል፦ ዓርብ ዓርብ ብርቱካንና ሎሚ በሳጥን ከኒውዮርክ ይመጣል፤ ወጥ ቤት ውስጥ የ200 ብርቱካን ጭማቂ በግማሽ ሰዓት የሚያወጣ ማሽን አለ፣ ግን የአሳላፊው አውራ ጣት 200 ጊዜ ቁልፉን መጫን አለበት። ሰኞ የተጨመቀው ልጣጭ በጓሮ በር ይወጣል። ስምንት ሠራተኞችም የተሰበረውን ሲጠግኑ፣ ወለሉን ሲፈገፍጉ ይውላሉ። ህልሙ መፍረስ የጀመረው እዚህ ነው እላለሁ፣ መጨረሻ ላይ በሚተኮሰው ሽጉጥ አይደለም።

ካሜራ ግን የሚያብረቀርቅ ይወዳል። ጸሐፊ በአንድ ዐረፍተ ነገር አሞግሶም አሽሟጦም ያልፋል፤ ምስል እያሽሟጠጠም ቢሆን ያማልላል። ስለዚህ የድግሱን ትዕይንት ሁለት ጊዜ እዩት፣ ሁለተኛውን ድምፁን አጥፍታችሁ። ማን ትሪ እንደተሸከመ፣ ካሜራው ስንት ሰከንድ እንዳየው መዝግቡ። (አሜሪካ ያለ ዘመድ መኪና ተደግፎ የሚልከው ፎቶም የሌሊት ፈረቃውን አያሳይም።)

ከሚታየው ይልቅ የተቆረጠው ብዙ ይናገራል። በመጽሐፉ የጋትስቢ አባት ለልጃቸው ቀብር ይመጣሉ፤ ልጃቸው በልጅነቱ የውሎ ዕቅዱን የጻፈበትን አሮጌ መጽሐፍ ይዘው። ቀኑ ሴፕቴምበር 12፣ 1906። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት መነሳት፣ ከ1፡15 እስከ 2፡15 ስለ ኤሌክትሪክ ማጥናት፣ በሳምንት 5 ዶላር መቆጠብ፤ 5ቱ ተሰርዞ 3 ተደርጓል። ልጁ ህልሙ የጠየቀውን ሁሉ ለማድረግ ተነስቷል። ቤተ መንግሥት የሚያህለውን ቤት ያስገኘለት ግን ጥናቱ ሳይሆን ከ1920 ጀምሮ በተከለከለው መጠጥ የተነገደው ንግድ ነው። ያቺ ስርዝ ለእኔ ከርችቱ ሁሉ ትበልጣለች። በሉርማን ፊልም አባትየው ቀብሩ ላይ የሉም፤ እሳቸው ሲቀሩ ጋትስቢ ፍቅር ያልቀናው ሀብታም ብቻ ይሆናል። ጃክ ክሌይተን በ1974 በሠራውና ሮበርት ሬድፎርድ በተወነበት ፊልም አባትየው አሉ፤ ፊልሙ ቢንቀራፈፍም ጎን ለጎን አስቀምጡት።

የተጨመረውንም አትለፉ። በ2013ቱ ፊልም ተራኪው ኒክ ታሪኩን የሚጽፈው በሕክምና ተቋም ተኝቶ፣ በሐኪም ምክር ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ይህ የለም። በዚህ ምክንያት አገር የሚያህል ቅሬታ የአንድ ሰካራም ሕመም መስሎ ይጠብባል። «መጽሐፉን አበላሸው» ብላችሁ አትጻፉ፤ ለውጡ ጥፋቱን ከማን ትከሻ ላይ አንስቶ ማን ላይ እንደጫነው ጻፉ።

ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ጋትስቢ በሚያፈቅራት በዴዚ ቤት በኩል የሚበራው አረንጓዴ መብራት በመጽሐፉ የሚነሳው በ1ኛው፣ በ5ኛውና በ9ኛው ምዕራፍ ነው፤ አምስተኛው ላይ ዴዚ ጋትስቢ አጠገብ ስትቆም ተራ መብራት ይሆናል። ፊልሙ ስንት ጊዜ እንደሚያበራው ቁጠሩና፣ ከዴዚ መምጣት በኋላ ስንቴ እንደሆነ ለብቻው አስፍሩት።