ቅዳሜና እሁድ ለተራራ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ጥቅምት ላይ ከጓደኛዬ ጋር ለ2 ቀን ተራራ መውጣት አስበናል፤ መኪና ግን የለንም። ሰሜን ተራሮች ይሻለናል?

መልስ፦ ሰሜንን ለረዥም እረፍት አቆዩት። በጎንደር አድርጋችሁ ደባርቅ እስክትደርሱ ቀኑ ያልቃል። እኔ ጉናን ነው የምላችሁ። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ደግሞም ጣና የሚገቡት ርብና ጉማራ የሚነሱት ከዚያ ስለሆነ፣ ሐይቁ ዳር ለሚኖር ሰው ጉናን ማየት የውሃውን ምንጭ እንደማየት ነው። በጣም ነው የምወደው!

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ሄዳችሁ የደብረ ታቦር ሚኒባስ ያዙ፣ በወረታ በኩል ነው የሚሄደው። እዚያው እደሩ። እሁድ ገና ሲነጋ ወደ ንፋስ መውጫ በሚሄድ መኪና ክምር ድንጋይ ውረዱና አካባቢውን የሚያውቅ ልጅ ይዛችሁ ውጡ። ጫፍ ካልደረሳችሁም ግድ የለም፤ አመሻሽ ላይ መኪና ስለሚጠፋ በጊዜ ተመለሱ።

ብርዱ የባሕር ዳር አይምሰላችሁ። ጃኬትም ጋቢም ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን ሾፌሮቹን ጠይቁ፤ ካልሆነ ቀኑን ቀይሩት።