ሌብሉ ለምን ይደራረባል? ለማር አሻጊዋ እህታችን

እህቴ፣ ከዳንግላ የጻፍሽውን አነበብኩት። የሌብል ፕሪንተርሽ በቲኤስፒኤል (TSPL)፣ ማለትም ለሌብል ፕሪንተር በጽሑፍ በሚላክ የትዕዛዝ ቋንቋ፣ የሚሠራ ነው። የመጀመሪያው ሌብል ደህና ይወጣና ሁለተኛው ላይ የፊተኛው ሌብል ቀን ተደርቦ ይታተማል፤ አማርኛውም ይበላሻል ብለሻል። ሁለቱም እኔም ላይ ደርሰዋል።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የቡሬ በርበሬ አሽጎ ለሚሸጥ ሱቅ ሌብል ስሠራ ይኸው መደራረብ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ማሽኑ ተበላሽቷል ያሉኝ ነበሩ። ማሽኑ ግን ጤነኛ ነበር። ፕሪንተሩ የምትልኪለትን ሁሉ መጀመሪያ ሜሞሪው ላይ ይስለዋል። አትም ስትዪው ያትማል፤ ካተመ በኋላ ግን የሳለውን በራሱ አያጠፋም። የሚያጠፋለት ሲኤልኤስ (CLS) የሚባለው ትዕዛዝ ነው። ይህንን ለእያንዳንዱ አዲስ ሌብል አስገቢ። ቦታው የሌብሉን መጠን ከሚነግረው ከሳይዝ (SIZE) ትዕዛዝ በኋላ ነው፤ ከፊቱ ካደረግሽው ችግር ያመጣል። ስለዚህ ሳይዝ፣ ጋፕ፣ ሲኤልኤስ፣ ከዚያ ቴክስትና ባርኮድ፣ በመጨረሻ ፕሪንት።

ሳይዝ ላይ በጣም ተጠንቀቂ። ስፋቱንና ቁመቱን በማስመሪያ ለኪና በሚሊሜትር ጻፊ። ከቁጥሩ ቀጥሎ አንድ ክፍት ቦታ ትተሽ "ኤምኤም" (mm) ካላልሽ ፕሪንተሩ ኢንች ነው ብሎ ይወስደዋል። 50 ብቻ ብትዪው 50 ኢንች ማለት ነው፤ ወረቀቱን ዝም ብሎ ይለቅብሻል። እኔ ግማሽ ጥቅል ያጠፋሁት በዚህች በክፍት ቦታዋ ነው። ጋፕ በሁለት ሌብል መሃል ያለው ርቀት ነው፤ እሱንም ለኪው። ጽሑፉ ቀስ በቀስ ወደ ታች እየተንሸራተተ ከሄደ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

የጽሑፉ ቦታ ግን በሚሊሜትር አይሰጥም፤ በነጥብ ነው። ባለ 203 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 203 ነጥብ የሚያትም) ፕሪንተር ላይ አንድ ሚሊሜትር 8 ነጥብ ነው። 50 በ30 ሌብል ማለት 400 በ240 ነጥብ ነው። ከግራ 420 ላይ ጻፍ ካልሽው ከወረቀቱ ውጭ ይወድቃል።

አሁን ወደ አማርኛው። ፕሪንተሩ ውስጥ አብረው የሚመጡት ፊደሎች ግዕዝ የላቸውም፤ ስለዚህ በቴክስት ትዕዛዝ ስትልኪ ሌላ ምልክት ያወጣል። እኔ ከፊደሉ ጋር መታገሉን ትቻለሁ። የማይለወጠውን፣ "ንጹህ ማር" እና የድርጅትሽን ስም፣ ኮምፒውተር ላይ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሆነ የቢኤምፒ (BMP) ሥዕል ፋይል አድርጊው። አንድ ጊዜ ወደ ፕሪንተሩ ሜሞሪ ጫኚውና በፑት ቢኤምፒ (PUTBMP) ትዕዛዝ ጥሪው። ክብደቱና ቀኑ ቁጥር ስለሆኑ በቴክስት ይሄዳሉ። የእኛን ዘመን አቆጣጠርም ራስሽ ቁጥሩን ስለምትሰጪ ያለ ችግር ይጽፍልሻል።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች ልጨምር። ትዕዛዞቹን የጻፍሽበትን ፋይል ከኖትፓድ አትም ብለሽ አትላኪ፤ ትዕዛዞቹን ራሳቸውን እንደ ጽሑፍ ያትምልሻል። ፕሪንተሩን ሼር አድርጊና ፋይሉን በዊንዶውስ የኮፒ (copy) ትዕዛዝ፣ ስላሽ ቢ (/b) ጨምረሽ ላኪለት። ሌላው፣ ከመጨረሻው የፕሪንት መስመር በኋላ ኢንተር መጫንሽን አትርሺ። መስመሩ ካልተዘጋ ፕሪንተሩ ትዕዛዙ አላለቀም ብሎ ይጠብቃል፤ ምንም አያትምም።

ከዚህ በኋላም ከተደራረበ የፋይሉን ጽሑፍ እንዳለ እዚሁ ለጥፊው፣ መስመር በመስመር አየዋለሁ።