በዝናብ ደን ውስጥ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በምድር ወገብ አቅራቢያ በሚገኝ የዝናብ ደን ውስጥ መኪና ተከራይተን ለአሥር ቀናት ለመጓዝ አስበናል። እሱ በየቀኑ 400 ኪሎ ሜትር እየነዳን ደኑን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ስፍራ መርጠን ረጋ ብለን ብንቆይ እላለሁ። ሁለታችንም ከአስፋልት ውጪ ረዥም መንገድ ነድተን አናውቅም። ሳንስማማ ሁለት ሳምንት አለፈን፤ እባክዎ ይፍረዱን።

መልስ፦ ፍርዱ ለእርስዎ ነው፤ ይሁን እንጂ ባለቤትዎም ሙሉ በሙሉ አልተረቱም፤ ወደዚያ ኋላ እመለሳለሁ።

በዝናብ ደን ውስጥ መንገድ የሚለካው በሰዓት እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም። በምድር ወገብ አቅራቢያ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀራቸው፤ ፀሐይ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ወጥታ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላም ጨለማው ፈጥኖ ይወርዳል። ዛፎቹ በላይ ተገጣጥመው መሬት የሚደርሰውን ብርሃን ወደ 2 በመቶ ብቻ ስለሚያደርሱት፣ ከጥላቸው ሥር የሚሄድ ሰው ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ይመሽበታል። ፀሐይ ጠዋት ያሞቀችው እርጥበት ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ስለሚሆን፣ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ በልብ መተማመን የሚነዳበት ጊዜ ከንጋት እስከ 9 ሰዓት ያለው ነው። ኮረኮንች በበዛበት መንገድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር መጓዝ ከቻላችሁ ጥሩ ነው፤ በዚህ ፍጥነት 400 ኪሎ ሜትር ያለ አንዳች ዕረፍት ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሒሳቡን ባለቤትዎ ራሳቸው ቢሠሩት ይሻላል፤ ሰው ራሱ የደረሰበትን ውጤት አይከራከርም።

አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። ለሺህ ዓመታት የወረደ ዝናብ ሌላውን ማዕድን አጥቦ ሲወስደው ብረትና አሉሚኒየም ይቀራሉ፤ አፈሩን የሚያቀላውም ይኸው ብረት ነው። ደረቅ ሲሆን እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሲርስ ግን የጎማውን ጥርስ ሞልቶ መኪናውን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በብራዚል የአማዞንን ደን የሚያቋርጠውና በ1970 ዓመተ ምሕረት (እንደ ፈረንጆች) መሠራት የጀመረው ትራንስ አማዞኒያን የተባለው መንገድ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ብዙው ክፍል ግን አስፋልት ስላልለበሰ በዝናብ ወቅት የጭነት መኪኖችን ሳይቀር በማጥ ይይዛል። ዛፎቹም ምግባቸውን የሚያገኙት ከላይኛው ስስ የአፈር ንጣፍ ስለሆነ ሥራቸው ብዙም አይጠልቅም፤ ኃይለኛ ዝናብና ንፋስ ሲመጣ መንገድ ላይ ይወድቃሉ። ያረጀ ዛፍ ሥር መኪና አቁሞ ማደር የማይመከረው ለዚህ ነው።

ወንዝ በመንገዱ ላይ ሲፈስ ካገኛችሁ ከሁሉ በፊት ቁሙ። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ውኃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። በእግር ገብቶ ጥልቀቱን መለካት በሌላ ስፍራ ጥሩ ምክር ነው፤ አዞ ባለበት አገር ግን አይሠራም። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ፣ በዴንትሪ ደን በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው የብሉምፊልድ መንገድ ለፎር ዊል ድራይቭ መኪና ብቻ የሚሆን ሲሆን፣ በዙሪያው ባሉት ወንዞች አዞ አለ። እንዲህ ባለው ቦታ ውኃው እስኪቀንስ መጠበቅ ወይም ወደ መጡበት መመለስ እንጂ ሌላ ምርጫ የለም። ጭቃ ከያዛችሁም ነዳጅ እየሰጡ ጎማ ማሽከርከር ይበልጥ ያሰምጣል። የጎማውን ንፋስ በመጠኑ ቀንሱ፤ ቅርንጫፍ ወይም ድንጋይ ከጎማው ሥር አንጥፉ፤ ከዚያ በዝግታ ውጡ፤ ስትወጡ ንፋሱን መልሶ የሚሞላ ፓምፕ ያስፈልጋችኋል። አንዳችሁ ስትነዱ ሌላው ወርዶ ይምራ፤ የሚመራው ሰው ቃል የመጨረሻ እንዲሆን ግን ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ፤ ጭቃ ውስጥ የተጀመረ ጭቅጭቅ እስከ ማታ ይዘልቃልና።

ከዚህ ሁሉ በላይ እርስዎን እንድደግፍ ያደረገኝ ሌላ ነገር ነው። መንገድ ሲቀደድ የፀሐይ ብርሃን በዳርና በዳር ስለሚገባ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ እዚያው ተጠምጥሞ አረንጓዴ ግድግዳ ይሠራል። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ያንን ግድግዳ እያየ ይውላል እንጂ ደኑን አያይም። ከመንገዱ ጥቂት ራቅ ብለው በእግር ሲገቡ ግን ብርሃን ስለሚያንስ ቁጥቋጦው ይሳሳል፤ ስፍራው ይከፈታል፤ እንደ ግድግዳ ሰፍተው የወጡ የዛፍ ሥሮች ይታያሉ፤ በማለዳም ወፉና ዝንጀሮው ይሰማል። በ400 ኪሎ ሜትር መርሐ ግብር ይህን ለማየት አንድ ሰዓት እንኳ አይተርፍም።

ባለቤትዎ ያሉት ትክክል የሚሆነው በአንድ ነገር ነው፤ ደን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከቆላው ወደ ተራራው ስትወጡ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀንሳል፤ ዛፎቹ ያጥራሉ፤ ግንዳቸውም በሽበት (በእርጥብ ግንድ ላይ በሚበቅለው ለስላሳ አረንጓዴ ተክል) ይሸፈናል። ስለዚህ አንዱን ቀን ወደ ላይ ለሚወጣ መንገድ ስጧቸው። ሁለት ወይም ሦስት ማረፊያ ይኑራችሁ፤ በመካከላቸው የምትጓዙበት ቀን ከ120 ኪሎ ሜትር አይብለጥ፤ ስኮርታ ጎማው ንፋስ እንዳለው መኪናውን ከመረከባችሁ በፊት እዩ፤ ካርታውንም በስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ ያዙ፤ ኔትወርክ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ እባብ ስለምትፈራ የዝናብ ደን ጉዟችንን ልትሰርዝ ነው። እንዴት ላሳምናት?

መልስ፦ ባለቤትዎ መፍራታቸው አይከፋም፤ ፍርሃቱን ወደ ትንኝ ቢያዞሩት ግን ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። እባብ በአብዛኛው የሰው ኮቴ ሲሰማ ይሸሻል፤ ረዥም ቦት ጫማ፣ እጅን ከማሳረፍ በፊት ማየት እና በሌሊት የእጅ ባትሪ ይበቃሉ። የወባ ትንኝ ግን ሰው ፍለጋ ትመጣለች፤ የምትነክሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ዴንጊ የተባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ሌላዋ ትንኝ ደግሞ በቀን ትናከሳለች፤ ስለዚህ አጎበር ብቻውን አይበቃም፤ እጀ ረዥም ልብስና በቆዳ ላይ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ ያስፈልጋል።

የወባ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ይምረጥላችሁ። ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ከጉዞው 1 ወይም 2 ቀን አስቀድሞ ተጀምሮ፣ ከወባማው አካባቢ ከወጡ በኋላም ለ4 ሳምንት ይወሰዳል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቤት ሲደርስ በማቆም ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ይህ መድኃኒት አይሰጣቸውም፤ ወባ በእርግዝና ጊዜ ይበልጥ ስለሚከብድም ጉዞውን ማስተላለፍ ይሻላል። የቢጫ ወባ ክትባት በሚጠየቅበት አገር ከመድረሳችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት ተከተቡ። ከተመለሳችሁ በኋላ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ሄዳችሁ የት እንደነበራችሁ ተናገሩ።